ንጉሡን የጫነ ባጃጅ

እህቴ ሶስና ሊድስ ላይ ስትወለውል አድራ
የሆስፒታል ኮሪደር፣ ከመወልወያዋ ጋራ፣
ሲነጋ ፊደሉ ሁሉ ዓይኗ ላይ ሲዋኝባት፣
«አንተ አንብብልኝ» አለችኝ፤ እሺ፣ ሌላ ምን ልበላት።
ሞቢል ጋ አባዝቼ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣
ገጾቹን ከመሪው በሽቦ አንጠልጥዬ፣
አንድ ጆሮ ለእሷ፣ አንዱን ለጡሩምባ፣
ከአቶቴ ስነሳ ትምህርት ቤት ተገባ።

«የሄስቲንግስ ጦርነት?»
«ሺህ ስልሳ ስድስት» ትላለች እያዛጋች።
ከኋላ መምህር ዳንጊሶ፣
ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያርሙት ደብተር ያጡ፣
«በማን አቆጣጠር? ስምንት ቀንስ!» ይላሉ፤
ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ወሩ ጥቅምት ከሆነማ ሰባት ነው።»
ሶስና ሰማች። ሁለት ቀን ሙሉ
ዘመን ተምታታባት።

«የስኮትላንድ አበባ?»
«ኮሸሽላ።»
ከይርጋለም የመጣ ሰው፣ ጭኑ ላይ ዶሮ ያቀፈ፣
ሳቀ ሳቀና፣ «እኛ በዶማ የምናባርረውን
እነሱ ሾሙት?» አለ።
ዶሮዋም ክንፏን አራገፈች።

እትዬ ቦጋለች ግን የሄንሪ ቀን ነው የተሳፈሩት፤
ከአሞራ ገደል፣ ባልዲያቸውን በእግራቸው ደግፈው፣
የቀረሶው ውሃ በየመታጠፊያው እየተንጠባጠበ።
«ሄንሪ ስምንተኛው ስንት ሚስት አገባ?»
«ስድስት።»
«ስድስት? ባንዴ?» አሉ እትዬ ቦጋለች።
«የለም፣ ተራ በተራ።»
«የፊተኞቹስ?»
«አንዷን ፈታ። ሁለተኛዋን አንገቷን አስቆረጠ።»
«ኧረ ሽማግሌ የለም እንዴ አገሩ ላይ!»
ብለው ሂሳብ ሳይከፍሉ ወረዱ፣ ተቆጥተው።
በማግስቱ ግን የሁለት ቀኑን ከፈሉ፣
ሦስተኛዋን ሊሰሙ።

እኔን ያ አገር ቪዛ ከልክሎኛል፣ በሰርጓ ጊዜ፤
«ለመመለስህ ማስረጃ የለም» የሚል ወረቀት፣ ከነማህተሙ።
አሁን ይኸው ከማለዳ እስከ ማታ
ነገሥታቱን የማመላልስ እኔ፣
ያለ ፓስፖርት፣ ያለ ሂሳብ፣
ከአቶቴ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አሞራ ገደል፣
ጉድጓድ ሲገጥመን ዘውዳቸውን እየያዙ።

አንድ ጠዋት ከወረቀቱ ዓይኔን አነሳሁና
«አባ ኮዳዎቹ ሐይቁ ዳር መቼ ይሰበሰባሉ?» አልኳት።
«ሀ፣ ጀልባ ሲመለስ። ለ፣ ቢላ ሲሳል። ሐ፣ ቱሪስት ሲመጣ።»
ዝም አለች። የሻይ ማፍያዋ ሲጮህ ይሰማኛል።
«ይሄ መጽሐፉ ላይ የለም» አለች። «ጊዜዬን አትብላ።»

ልክ ናት። ፈተናው የእሷ ነው።
እኔን ቀበሌ መታወቂያዬን ሲያድስልኝ
አንድ ነገር አልጠየቀኝም፤ ሁለት ጉርድ ፎቶ ብቻ።
ይህች ከተማ መቼ ተቆረቆረች?
ከዚያስ በፊት፣ አሁን ባንኩ የቆመበት ቦታ፣
ማን ነበር ከብቱን የሚያጠጣበት?
ሃያ አራት ጥያቄ ቢሰጡኝ
እኔስ አስራ ስምንቱን አገኝ ነበር?
መምህር ዳንጊሶን ልጠይቅ አልኩና
ቀድመውኝ ወረዱ፣ ሬፈራል ጋ፣ ለስኳራቸው።

ሐሙስ ዕለት በሌላ ሰዓት ደወለች። «አለፍኩ።»
«ከሃያ አራቱ ስንት አገኘሽ?»
«አይነግሩም፤ አለፍሽ ብቻ ነው የሚሉት።»
ሁለታችንም ትንሽ ቅር አለን።

አሁን ጠዋት ጠዋት ትተኛለች።
ሽቦውን ፈታሁ፤ ላስቲኩን ዝናብ በሚያስገባው
የጣራዬ ቀዳዳ ወተፍኩት።
ሁለቱም ጆሮዬ ለጡሩምባ ሆነ፤
መንገዱ፣ ለካ፣ ይኼን ያህል አጭር ነው።

ትናንት አሞራ ገደል እትዬ ቦጋለች አስቆሙኝ፤
ባልዲያቸውን ጫኑ፣ ሁለት ሴቶች አስከትለው።
«እነዚህ ከመጀመሪያው ይስሙ» አሉኝ።
«እኔ አራተኛዋ ላይ ነኝ፣ እታገሣለሁ።
አንተ ብቻ
ቀስ ብለህ ንዳ።»